የጳጉሜ ቅጣት

ነገሌ ቦረና፣ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሥራ የጀመርኩ ቀን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካልኩሌተርና የአንድ ዘግይቶ ከፋይ ፋይል ተሰጠኝ። አለቃዬ አቶ ግርማ «ቅጣቱን አስቢልኝ» አሉኝ። ተበዳሪው የወሰደው አራት ሺህ ብር ነው። በየወሩ ከሚከፍለው አራት መቶ ብር የአንዱን ወር አሳልፏል። የመዘግየት ቅጣት በወር ከመቶ ሁለት ነበር። እኔም አራት ሺውን በዚሁ አባዝቼ «ሰማንያ ብር!» ብዬ በኩራት አቀረብኩ።

አቶ ግርማ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀኑ ያልደረሰው ብር ምን በደለ?» አሉኝ። ቅጣቱ የሚታሰበው ባለፈው አራት መቶ ላይ ብቻ ነው፤ ስምንት ብር። ፊቴ በርበሬ መሰለ። ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ አልተሳሳትኩም።

ደግሞም አንድ ልማድ አመጣሁ። ተበዳሪ ውል ሲፈርም፣ ገና ሳይዘገይ፣ ቅጣቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ እሰጠዋለሁ፤ ለአራት መቶ ብር ክፍያ እስከ ሠላሳ ቀን ስምንት ብር፣ ከሠላሳ ቀን ካለፈ አሥራ ስድስት ብርና ቀይ መዝገብ። ቀይ መዝገብ የገባ ሰው ዳግመኛ አይበደርም፤ ዋሱም አይበደርም። ባልደረቦቼ «ሟርተኛ» ይሉኝ ነበር። ይበሉ፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ሲቆረጥ ዝም ብዬ አላይም።

አልማዝ የምትባል የካምፕ ወታደር ሚስት ዳቦ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። ብድሯን ጨርሳ በሁለተኛው ብድር ትልቅ የዳቦ ምድጃ ልትገዛ አስባለች። ዋሷ ወተት ነጋዴዋ አዴ ሎኮ ናቸው። ልጇ ታሞባት ሀዋሳ ሆስፒታል ከረመችና የነሐሴ አሥርን ክፍያ መስከረም አሥር ይዛ መጣች። አዴ ሎኮም አብረዋት መጡ።

«አካም? ናጋ ነው?» ብለው ደኅንነቴን ጠየቁኝ አዴ ሎኮ። ዓይናቸው ግን ቀዩ መዝገብ ላይ ነበር።

ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ቆጠርኩ። ሠላሳ አምስት ቀን። ነገርኳቸው።

አልማዝ ጣቶቿን አጣጥፋ እንደገና ቆጠረች። «እትዬ፣ ጳጉሜንም ቆጠርሽ?»

«አዎ፤ አምስት ቀን ናት።»

«ለባለቤቴ የጳጉሜ ደመወዝ አይከፈለውም። ደመወዝ የሌለው ቀን ቅጣት አለው እንዴ?»

«ዱጋ! እውነቷን ነው» አሉ አዴ ሎኮ።

ደሜ ፈላ። ሒሳቤን የሚነካ ሰው አልወድም። እንደተናደድኩ ላሳፍራት ብዬ የወለድ ሰንጠረዡን አወጣሁ። ያፈርኩት እኔ ነኝ። በሰንጠረዡ ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ወሩ ሠላሳ ቀን፤ ጳጉሜ የለችም። ውሉንም አነበብኩ፤ እዚያም ወር ማለት ሠላሳ ቀን ነው ይላል እንጂ ስለ ጳጉሜ አንድ ቃል የለም።

ሁለቱንም ይዤ አቶ ግርማ ዘንድ ገባሁ።

«ቀን ቀን ነው። ጳጉሜ ላይ ፀሐይ አልወጣችም?» አሉኝ።

«ወጥታለች፣ ጋሼ። ግን ወለዷን ስንቀበል ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነበር። ስንቀጣት አሥራ ሦስት ልናደርገው ነው?»

ሰንጠረዡን አገላብጠው አዩት። «በፊርማሽ ይሁን። ኦዲተር ከጣለው ግን ከደመወዝሽ ይቆረጣል» አሉ።

ፈረምኩ። ሠላሳ ቀን፣ ስምንት ብር። አልማዝ ከፈለች፤ አዴ ሎኮ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ቀዩን መዝገብ ሳልከፍተው ወደ መሳቢያው መለስኩት።

ኦዲተሩ ሲመጣ ጣቱን እዚያው ፊርማዬ ላይ አሳረፈ። «አምስቱ ቀን የት ሄደ?» አለኝ። ውሉንና ሰንጠረዡን ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። አንብቦ ሲጨርስ ከፊርማዬ ሥር ፈረመ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጳጉሜ ከማንም ቅጣት ውስጥ ወጣች፤ ወደራ ከተማ ያለው ቅርንጫፋችንም እንደኛው አደረገ። ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፤ በዚህ ግን እስከ ዛሬ እኮራለሁ። አልማዝም ምድጃውን ገዛች። ጡረታ ስወጣ የተቆረሰው ድፎ የእሷ ነበር።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ኮምፒውተር ሲገባልን መጀመሪያ የሞከርኩት ከነሐሴ አሥር እስከ መስከረም አሥር ያለውን ነው። «35» አለ። ባለሙያውን ጠርቼ አሳረምኩት።

ቅጣት የምታሰሉ ልጆች፣ የትኛው ብር እንዳለፈ፣ ከየትኛው ቀን እንዳለፈና ውሉ ቀንን እንዴት እንደሚቆጥር ሳታዩ ካልኩሌተር አትንኩ። ወለድ ያልታሰበበት ቀን ቅጣት አይታሰብበትም።