የቆላሁት ዘር

ዛሬ የእናቴን የዘር ገብስ ቆልቼ በላሁት።

ተመርቄ ላሊበላ አቅራቢያ ገነተ ማርያም ወዳለው ቤታችን ከገባሁ ሳምንቴ ነው። ከአልጋዋ ሥር በቅል ያለ አመድ የለበሰ ገብስ አገኘሁና አመዱን አራግፌ ቆላሁት። ለካ ነቀዝ እንዳይበላው ብላ በአመድ የለወሰችው እሷ ናት። (የተመረቅኩት በእርሻ ነው፤ አትሳቁ።)

እናቴ ቆሎውን አይታ ቁጭ አለች።

«በደርግ ጊዜ ዝናቡ ሲጠፋ ዘራችንን በላነው። ዝናቡ ሲመለስ የምንዘራው አልነበረንም። ታላቅ እህትህ ያንን ክረምት አላለፈችም።»

ታላቅ እህት እንደነበረችኝ የሰማሁት ዛሬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከየዓመቱ ምርት ለልጆቿ ብላ ዘር ትደብቃለች። «ዘንድሮም ዝናቡ ቀረ፤ አንተስ ለልጆችህ ምን ልትዘራ ነው?» አለችኝ።

ነገ ማልጄ ዘር ፍለጋ ላሊበላ ገበያ እሄዳለሁ።

የእናንተ እናቶችስ ከአልጋ ሥር ምን ደብቀዋል? ሳትቆሉት ጠይቋቸውና ጻፉልኝ።