ለክብር እንግዳው የታየ ሙከራ

እህቴ ለሳይንስ አውደ ርዕይ የሠራችው የውሃ ማጣሪያ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። የሚገባውም ውሃ ኩልል ያለ ነው፣ የሚወጣውም ኩልል ያለ ነው። ከጎኗ የነበረው ተማሪ የደፈረሰ ውሃ በአሸዋና በከሰል አሳልፎ ሲያጠራ ሰው ያጨበጭብለታል። የእሷን አይቶ የሚያልፍ ግን "እና?" ይላል።

እሷ የምታስወግደው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የማይታየውን ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ነው። እናታችን የተወለደችው ከሐዋሳ ወረድ ብሎ ባለ ቆላ ነው። እዚያ ሰው የሚጠጣው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው። ሽታ የለውም፣ ሆድ አያምም፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ግን በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲያረጅ ደግሞ ወገቡ አልታጠፍ ይለዋል። እናታችን ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍነው ለዚህ ነው።

በዚያ ዓመት ሐዋሳ ታቦር ሰፈር የተከራየነውን ቤት ባለቤቱ ለሚያገባ ልጁ ፈለገው። አባታችን ካረፈ ወዲህ እናቴ ደክማ ነበር፤ ሌላ ቤት ከመፈለግ ወደ ዘመዶቿ መመለስን መረጠች። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ እህቴ ደግሞ አሥረኛ ክፍል ነበረች። እኔ የምሠራውም የማድረውም ፒያሳ ባለች አንዲት የስልክ መጠገኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ ማታ ከጠረጴዛው ሥር ፍራሽ እዘረጋለሁ። እህቴን የማስጠጋበት ቦታ አልነበረኝም። የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነበር። በአውደ ርዕዩ አንደኛ የሚወጣው ተማሪ አዳሪ የሳይንስ ትምህርት ቤት ይገባል። ለሁለተኛው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

ማጣሪያው የተሠራው ከተቃጠለ የከብት አጥንት ነው። እህቴ አጥንቱን ከየሉካንዳው እየለመነች ስትሰበስብ የክፍሏ ልጆች "የሉካንዳ ልጅ" ይሏት ጀመር። በሸክላ ድስት ከትታ፣ አፉን በጭቃ መርጋ፣ ግቢ ውስጥ ስታቃጥለው ሽታው ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤታችን አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ጸሎት ላይ ቁጭ ብለን አህያ የሚቃጠል መሰለን። ምንድን ነው ነገሩ?"

"ልጅቷ ዳኛ ፊት ልትቀርብ ነው፣ ትንሽ ታገሡን" አለች እናቴ።

"ምን አጥፍታ?"

እናቴ ስቃ አፏን ሸፈነች። የዚያን ሰሞን ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማጣሪያው መሥራቱ የሚታወቀው በቀይ መመርመሪያ ፈሳሽ ነው። ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ላይ ሲጨመር ቀለሙ ይደበዝዛል፤ በተጣራው ላይ ግን ቅላቱ እንዳለ ይቆያል። ፈሳሹን የሰጠን ስልኩን የጠገንኩለት የውሃ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። የተጋመሰ ትንሽ ጠርሙስ ነበር፣ ከዚያ በላይ አልነበረውም። እህቴ ቤት ውስጥ ደጋግማ ሞከረች። አንድ ጊዜ መሥራቱ ለእኔ አይበቃኝም ነበር፤ ስልክም ቢሆን አንዴ ስለበራ ተጠገነ አልልም። ስንጨርስ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ ነበር።

"ዳኞች ፊት ብቻ" አልኳት።

"ስንቴ ትነግረኛለህ፣ ወንድም ጋሼ?"

ደጋግሜ የነገርኳት የዳኝነቱን ደንብ ስለማውቀው ነው። ሦስት ዳኞች እያንዳንዳቸው ለብቻ ነጥብ ይሰጣሉ፦ ለሐሳቡ፣ ለአሠራሩ፣ ለውጤቱ፣ ለማብራሪያው። ከሁሉም ከፍተኛውን ነጥብ የሚይዘው ውጤት ነው። በዓይናቸው ያላዩትን ውጤት አይቆጥሩም። ደንቡን ስሰማ ትክክል ነው ብዬ ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ።

አውደ ርዕዩ የተዘጋጀው ባህል አዳራሽ አካባቢ በሚገኝ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር የክብር እንግዳውን ነው። ዳኝነቱ ከመጀመሩ በፊት እንግዳው ሁሉንም ሥራ ዞረው ይጎበኛሉ። ዳኞቹ እስከዚያ ሻይ ይዘው ሌላ ክፍል ይቆያሉ፤ እንግዳው ያሞገሱትን ሰምተው እንዳያዳሉ ነው አሉ። እኔ ከቤተሰቦች ጋር ከተዘረጋው መከለያ ገመድ ወዲህ ቆሜያለሁ።

እንግዳው ደግ ሰው ናቸው። ማንንም ሳይጠይቁ አላለፉም። እህቴ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ሁለቱን ብርጭቆ ውሃ፣ ከእናታችን አገር የመጣውን የጉድጓድ ውሃና የተጣራውን፣ አዩ።

"እኔ እንኳ ልዩነቱ አልታየኝም፣ ልጄ" አሉ። ከኋላቸው ያሉት ሳቁ።

"በዓይን አይታይም፣ በመመርመሪያ ነው" አለች እህቴ።

"እስኪ አሳዪኝ።"

እህቴ ዞር ብላ በዓይኗ ፈለገችኝ። አይሆንም በሚል ራሴን ነቀነቅኩ፤ አየችኝ። ከእንግዳው ኋላ የቆሙት የኬሚስትሪ መምህሯ ጠጋ አሉ።

"አሳዪያቸው እንጂ።"

"መምህር፣ የቀረኝ ለዳኞች ብቻ ነው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"እንግዳ ቆሞ?"

ሌላ ቃል አልጨመሩም። መጨመርም አያስፈልጋቸውም ነበር። እኛ ቤት ለእንግዳ "የለም" ተብሎ አያውቅም፤ ከሌለ ከጎረቤት ይመጣል እንጂ። እህቴ ጠርሙሱን ከፈተችና ከየብርጭቆው በቀዳችባቸው ሁለት የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ አንጠፈጠፈችው። የጉድጓዱ ውሃ ደበዘዘ፣ የተጣራው እንደ ከርከዴ ቀይ ሆኖ ቆመ። እንግዳው አጨበጨቡ፤ አዳራሹም ተከተላቸው። ፎቶ አንሺው "ከፍ አድርጊው፣ ፈገግ በይ" አላት። ከፍ አደረገችው። ፈገግ አላለችም።

እኔ ሮጬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለላቦራቶሪው ሠራተኛ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ላቦራቶሪው ቅዳሜ ዝግ ነው። በረኛው በሩን ገርበብ አድርጎ ልመናዬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ቁልፉ እኔ ጋ የለም፣ ወንድሜ። ቢኖረኝስ የቱ ጠርሙስ እንደሆነ በምን አውቄ? ሰኞ ና።"

ስመለስ ዳኞቹ እህቴ ጠረጴዛ ጋ ደርሰዋል። የሚጠይቋት መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ስለ አጥንቱ፣ ስለ እሳቱ፣ ውሃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወርድ ጠየቋት። ሁሉንም መለሰች። ያን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

"ጎበዝ። አሁን ውጤቱን አሳዪኝ።"

ቱቦዎቹን አነሳችላቸው። "ቅድም ለእንግዳው አሳየሁ። ፈሳሹ አለቀ።"

"ቀይ ውሃ ማንም ያዘጋጃል። ሲሆን ነው ማየት ያለብኝ።"

"አዳራሹ ሁሉ አይቷል።"

"እኔ አላየሁም" አሉ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። "እሺ፣ አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ለውጤቱ ስንት ትሰጪ ነበር?"

ሌላ ነገር እንድትል በልቤ ለመንኩ። የእንግዳውን ስም ጥሪ፣ መምህርሽን ጥሪ፣ አልቅሺ እንኳ።

"ምንም" አለች።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ።

ነጥብ ሊደምሩ ወደ ክፍላቸው ሲሄዱ መንገድ ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። "አባቴ፣ እስከ ሰኞ ብቻ። እኔው ራሴ አመጣዋለሁ። ትምህርቷ በዚህ ነው የሚያልቀው።"

ቆመው ሰሙኝ። "ያ እንቁላል ማስፈልፈያ የሠራው ልጅ መብራት ጠፍቶበት ማሽኑ አልነሳለትም። ለእሷ ሰኞ ካልኩ ለእሱ ምን ልበለው? እሱስ የሚያልቅበት ነገር እንደሌለ በምን አውቃለሁ?"

ትከሻዬን ያዝ አድርገው አለፉ።

ከጎኗ የደፈረሰ ውሃ ያጠራው ልጅ አንደኛ ወጣ። እህቴ ሁለተኛ ተባለች። ስሟ ሲጠራ ወጥታ ወረቀቷን ተቀበለች፤ መምህሯ ከማንም በላይ አጨበጨቡላት። ምን እንዳስደረጓት የገባቸው አይመስለኝም።

ታቦር ስንደርስ እናቴ በር ላይ ነበረች።

"ሁለተኛ" አለች እህቴ፣ ገና ሳትጠየቅ።

"ሁለተኛም እኮ ትልቅ ነው" አለች እናቴ። ከዚያ ፊታችንን አይታ ተወችው። ገብታ ብርጭቆዎቹን በአሮጌ ጨርቅ መጠቅለል ጀመረች። እጇ ሥራውን ሳያቋርጥ፣ "ማጣሪያውን ይዘነው እንሄዳለን። ቢያንስ እዚያ ይጠቅመናል" አለች።

"እማ፣ አጥንቱ እኮ ይደክማል፤ ሲቆይ ፍሎራይዱን መያዝ ያቅተዋል።"

"እስኪደክም እንጠጣበታ።"

"ሲደክም ውሃው መልኩ አይለወጥም፣ ጣዕሙም አይለወጥም። ፈሳሹ ከሌለ መቼ እንደደከመ በምን አውቃለሁ?"

እናቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። እህቴ መልስ የምትጠብቀው ከእኔ ይመስል ወደ እኔ ዞረች። ላቦራቶሪው ለሌላ ጊዜ ፈሳሽ ይሰጠን እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚያ ቆላ ድረስ በየስንት ጊዜው ማን ያመላልሰዋል የሚለውንም አላውቅም። የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ ላጽናናት አልቻልኩም።

በሚሄዱበት ቀን ጭነቱ ሲታሰር ማጣሪያውን አጥንቱ እንዳይናወጥ ቀጥ አድርጌ በፍራሾቹ መሐል አስቀመጥኩት። በገመድ አሰርኩት፣ ነቅነቅ አድርጌ አየሁት፣ ደግሜ አጠበቅኩት። ሌላ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም።