የአያቴ ጣት በአፈሙዙ ጠርዝ

አያቴ፣ ሰው ከደብረ ታቦር ድረስ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ሲመጣላቸው፣ ዋጋውን ከመናገራቸው በፊት ጥይት እንደሌለው አይተው ትንሿን ጣታቸውን በአፈሙዙ ጠርዝ ያዞሯት ነበር። ባለቤቶቹ ረጅሙን የጦር ጠመንጃ ለመያዝ እንዲቀል ብለው ያሳጠሩት እንደሆነ ዋጋው ይወድቃል። «ፋብሪካ የሠራው አፍ ጣት ይስማል፤ መጋዝ የቆረጠው ይቧጥጣል። ነይ ዳስሺው» ይሉኛል። እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ «እሺ አባባ፣ ቆይ» እላለሁ። ቆይ እንዳልኩ ሄዱ።

ትናንት ለተዝካራቸው የራሳቸው ምንሽር ጠመንጃ ሊሸጥ ወጣ። ከገሳይ የመጣው ገዥ «ይኼማ ተቆርጧል» ብሎ ዋጋውን ሰበረው። አጎቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ከአጠገባቸው የማትጠፊው አንቺ ነበርሽ። እውነቱን ነው?»

ጠመንጃውን ተቀበልኩት። ጣቴን አዞርኩ፤ ቧጠጠኝ። ደግሜ አዞርኩ፤ እስኪደማ ቧጠጠኝ። እሳቸው በየሳምንቱ ዘይት ይቀቡት ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ ግን ማናችንም አልነካነውም። የቧጠጠኝ የመጋዝ ጠርዝ ይሁን የእኛ ዝገት፣ አባባ፣ አላወቅሁም።