የጋሼ ታምራት ቀኝ እጅ

ስድስት ዓመት ሙሉ «ክንፉ ወደቀባቸው» ስል ኖሬያለሁ። ለሐኪም ብያለሁ፣ ለባለቤቴ ብያለሁ፣ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ብያለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቆሜም በዝምታዬ ብያለሁ። ብዙ ጊዜ ከማለቴ የተነሳ አንዳንድ ቀን ክንፉ ሲወድቅ በዓይኔ ያየሁት ይመስለኛል። ክንፉ ግን አልወደቀም። የጋሼ ታምራትን ቀኝ እጅ በብረት የቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። የምታነበው ሰው ማን እንደሆንክ አላውቅም፤ ከአንተ በፊት ግን ከአንድ ሰው በቀር የሰማኝ የለም።

ቁጡ ሰው ነኝ። እንደ ማመካኛ አትቁጠርልኝ፤ ቁጣዬን ለብዙ ዓመት እንደ ሙያ ነበር የማየው። «እኔ በሆዴ አልይዝም» እያልኩ እኩራራ ነበር። በር በእርግጫ ገንጥያለሁ፣ ስልክ ግድግዳ ላይ ፈጥፍጬያለሁ፣ መኪና ውስጥ መሪውን እየደበደብኩ ለማያውቁኝ ሰዎች ስድብ አውርጃለሁ። ባለቤቴ ሰብለ ድምፄ መወፈር ሲጀምር ወደ የትኛው ክፍል እንደምትገባ ታውቃለች። ሰው ግን መትቼ አላውቅም ነበር። ይህም ያኩራራኝ ነበር፤ ምን ዓይነት ሰው ነው አለመምታቱን እንደ ደግነት የሚቆጥረው?

ነገሩ የመጣው በአውሮፕላን ነው። አትሳቅ። እዚህ አሜሪካ ሰው በገዛ ጋራዡ በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠርቶ፣ በመንግሥት ሰው አስመርምሮ መብረር ይችላል። አዲሱ በእኔ አቅም የሚታሰብ አይደለም። ለእኔ ቢጤ የሚያዋጣው ሌላ ሰው ጀምሮ የተወውን መግዛት ነው። ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር ያሉ አንዲት ሴትዮ፣ ባላቸው ጀምሮት የሞተ ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ጋራዣቸውን ስለዘጋባቸው ብቻ ለሚያነሳላቸው ሰው በርካሽ ሊሰጡ ፈለጉ። አካሉና ጭራው አልቋል፣ አንዱ ክንፍ አልቋል፣ ሁለተኛው ክንፍ ገና ላሜራ ሆኖ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ፍራንክሊንተን ውስጥ ጣሪያው የሚያፈስ አሮጌ ጋራዥ ተከራይቼ በሁለት ምልልስ አስገባሁት።

ጋሼ ታምራት እኔ በምሠራበት ዌርሀውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን ያሽጉ ነበር። እኔ ሊድ ነበርኩ፤ አለቃቸው ማለት ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ልጃቸው ናት እሳቸውንና ባለቤታቸውን እትዬ ብርሃኔን ያመጣቻቸው። ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የአውሮፕላኑን ፎቶ ለሰው ሳሳይ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው፣ በጣታቸው አጉልተው አዩና «ጭራውን የሠራው ሰው እጅ አለው» አሉ። ለካ ደብረ ዘይት ሠላሳ ዓመት የአውሮፕላን ላሜራ ሲሠሩ ነው የኖሩት። ሁለት ዓመት አጠገቤ ካርቶን ሲያሽጉ ከመካከላችን አንድም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቆ አያውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን መሥራት ጀመርን። የላሜራ ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ላሜራው የሚያያዘው ሪቬት በሚባል ጣት በማይሞላ የብረት ቁራጭ ነው። አንዱ ከውጭ ኮምፕሬሰር በሚነፋው አየር በሚሠራ መዶሻ ሪቬቱን ይመታል፤ ሌላው ከውስጥ በኩል እጁን አስገብቶ ከባድ ድፍን ብረት ይደግፍበታል። ላሜራው መካከል ስለሚሆን አይተያዩም። የሚሠሩት በቃል ነው። ጋሼ ታምራት ከውስጥ ሆነው ሲዘጋጁ «ምታ» ይሉኛል፣ እመታለሁ። «በቃ» ይሉኛል፣ አቆማለሁ። አንድ ምት ካሳለፍኩ ሪቬቱ ይበላሻል። ስለዚህ «በቃ» ሲሉኝ የማቆም እጅ አወጣሁ፤ እጄ ከጆሮዬ ቀድሞ የሚሰማ እስኪመስለኝ ድረስ። እሳቸው ሥራውን ሲሠሩ ዌርሀውስ የማውቃቸው ሰውዬ አልነበሩም። ወገባቸው ይቃናል፣ ይቀልዳሉ፣ ያዛሉ። ያን ጊዜ በጣም ነበር የምወዳቸው። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ የመታሁት የምወደውን ሰው ነው።

አንድ ሳምንት ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። እኔ በበጋው እበራለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼ ስለነበር ቸኮልኩ። ሰብለን ብረቱን አስይዤ የክንፉን አንድ ረድፍ ሙሉ በአንድ ቀን መታሁት። እሷ መቼ «በቃ» እንደሚባል አታውቅም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ አራት ወንድሞች አውሮፕላኑን ሊያዩ መጡ። ጋሼ ታምራትም ተሽሏቸው አብረው መጡ። እኔ የሠራሁትን እያስጎበኘሁ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ክንፉ ላይ ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን በረድፉ ላይ አስኬዱ። ከዚያ ከሸሚዝ ኪሳቸው ቀይ ማርከር አወጡና የኔን ሪቬቶች አንድ በአንድ ማክበብ ጀመሩ። አሥር። ሃያ። አላቆሙም። ከወንድሞች አንዱ «ዳዊት፣ ይሄ አውሮፕላን ኩፍኝ ወጣበት እንዴ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«ይሄ ሁሉ ይወጣል» አሉ ጋሼ ታምራት። «ቀዳዳውም ሰፍቷል። ምናልባት ላሜራው ራሱ ይቀየራል።»

«ጋሼ፣ ኢንስፔክተሩ ፓስ ያደርገዋል፣ ዶንት ወሪ።»

«ኢንስፔክተሩ አይበርበትም። የምትበርበት አንተ ነህ።»

በደግነት ነበር ያሉት። ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ስላለ አውቃለሁ፤ ቅንጣት ንቀት የለበትም። እኔ ግን የሰማሁት ሳቁን ነው። በሥራ ቦታ እኔ የማዛቸው ሰውዬ በሰው ፊት ተማሪ አደረጉኝ አልኩ። ወንድሞችን እስከ መኪናቸው ሸኘሁ፣ እጅ አወዛወዝኩላቸው፣ ተመለስኩ። ደረቴ ውስጥ የሚፈላው ነገር በዚያ ሁሉ መንገድ አልበረደም፤ አብስዬው ነው የተመለስኩት። ጋሼ ታምራት ድሪሉን አንስተው ቀኝ እጃቸውን ክንፉ ላይ አሳርፈው የመጀመሪያውን ሪቬት ሊሰረስሩ ነበር።

«ይተዉት» አልኩ።

«አምስቱን ብቻ ላሳይህ፣ ከዚያ አንተ ትቀጥላለህ።»

«ተው አልኩህ።»

በሕይወቴ አንተ ብያቸው አላውቅም። ቀና ብለው አዩኝ፤ የተቆጡ አልመሰሉም፣ የገረማቸው ነው የሚመስሉት። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ድፍኑን ብረት ከጠረጴዛው አነሳሁና ክንፉ ላይ ያረፈውን እጃቸውን መታሁት።

መታሁት። አንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ቁጣ ነው፣ ዓይኔ ጨለመብኝ ብዬ ልዋሽህ እችል ነበር። ድሪሉ ወደቀ፤ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። እኔ ግን በግራ እጄ የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ዓይኑ የጨለመበት ሰው አንጓ አይዝም። ይዤ፣ ጎትቼ፣ መልሼ ክንፉ ላይ አጋድሜ ሁለተኛ መታሁት። አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ትልቅ አይደለም። ላሜራው ነበር የጮኸው።

«በቃ» አሉ።

ስንት መቶ ጊዜ በዚያ ቃል ቆሜያለሁ? አንድም ቀን አሳልፌው አላውቅም ነበር። በዚያ ቀን ሰማሁት፣ አወቅሁት፣ ከዚያም ሦስተኛ መታሁት። ስትመታ ምን ተሰማህ ብትለኝ እውነቱን እነግርሃለሁ፤ ደስ አለኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደረቴ ቀለለኝ። ስለ ራሴ ከማውቀው ሁሉ የምፈራው ይህንን ነው።

ከዚያ ደሙ መጣ። ሸሚዜን አውልቄ እጃቸውን ጠቀለልኩ፤ ጣቶቻቸው ሸሚዙ ውስጥ ቅርጽ አልነበራቸውም። መኪና ውስጥ አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ኮምፕሬሰሩን አጥፍተሃል?»

ሆስፒታል ነርሷ አስተርጓሚ በስልክ ላምጣ አለች። አያስፈልግም፣ ፋሚሊ ነኝ አልኳት። እሷም ምን ሆነው ነው፣ ሰው ነው ወይ ይህን ያደረገው ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ታምራት እሷን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት።

«አንተ ንገራት» አሉ። «አንተ ታውቀዋለህ።»

በሩን ከፍተው እኮ ሰጡኝ። እጃቸው ተፈጭቶ ለእኔ ቦታ ለቀቁልኝ። እኔም ወደ ነርሷ ዞሬ ክንፉ ከማቆሚያው ወደቀባቸው አልኩ። በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፤ ግን መውደቅ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቅ የዌርሀውስ ሠራተኛ የለም፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሆኖ በየግድግዳው ተለጥፏል። ጋሼ ታምራት ሰሙኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሁለት ጣት ተቆረጠ። ሦስተኛው አይታጠፍም። ዌርሀውስ ሊመለሱ አልቻሉም፤ ማሸጊያውን የሚይዝ እጅ የላቸውም። እትዬ ብርሃኔ አረጋውያን በምትንከባከብበት ቤት ሁለት ሽፍት መሥራት ጀመረች። እሳቸው ሳሎን ተቀምጠው በግራ እጃቸው ሸሚዝ መቆለፍ ይለማመዱ ነበር።

በሁለተኛው እሑድ ፓስተሩ ስሜን ጠርቶ መድረክ ላይ አወጣኝ። ሸሚዙን አውልቆ አስሮላቸው፣ ፈጥኖ ሆስፒታል ያደረሳቸው ወንድማችን ብሎ አመሰገነኝ። ጉባኤው እልል አለ። ጋሼ ታምራት ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጠዋል፤ አላጨበጨቡም፣ አልተነሱም። ስወርድ እትዬ ብርሃኔ አቅፋ ሳመችኝና «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» አለችኝ። አሜን አልኩ። አሜን የሚል አፍ ከየት አመጣሁ?

አውሮፕላኑን አልተውኩትም። ብተወው ሰው ለምን ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ። ደሙን አጠብኩ፣ ቀዩን ማርከር በአልኮል ጠረግሁ፤ ክንፉ ንጹሕ ሆነ። ከዚያ የሚያግዘኝ ሰው ስፈልግ ጄሪ የሚባል አሜሪካዊ ጡረተኛ አገኘሁ፤ የራሱን አውሮፕላን ሠርቶ የሚበር ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ክንፉን በጣቱ ዳሰሰ። ቀዩ ክብ ሳይኖር፣ ጋሼ ታምራት ያከበቧቸውን ሪቬቶች ሁሉ አንድ በአንድ እየነካ ይሄ ይወጣል፣ ይሄም ይወጣል፣ ላሜራው ራሱ መቀየር አለበት አለኝ። የሳቸው ቃል ነው፤ አንድ አልጨመረም፣ አንድ አልቀነሰም።

እኔ ምን አልኩት መሰለህ? እሺ፣ አመሰግናለሁ አልኩት። ፈገግ ብዬ። በዚያው ቀን ድሪሉን አንስቼ ማውጣት ጀመርኩ። ደረቴ ውስጥ ምንም አልፈላም። እንግዲህ ቁጡ ሰው ነኝ ብዬህ ነበር፤ ውሸቴን ነው። ቁጣዬ የት መነሳት የት መቀመጥ እንዳለበት አሳምሮ ያውቃል። ጄሪን አይመታም። የሚመታው አቤት የማይለውን፣ ቋንቋው በእኔ አፍ ውስጥ የሆነውን ሰው ነው።

አውሮፕላኑ ይበራል። ጥሩ ነው የሚበረው። ዎርዝንግተን ላይ ሳልፍ ጋሼ ታምራት የሚኖሩበት የአፓርታማ ሰፈር ከታች ይታየኛል፤ ሁልጊዜም ወደ ሌላ ጎን አያለሁ።

ባለፈው ወር ከአፓርታማቸው ፊት ለፊት ካለው የመኪና ማቆሚያ አገኘኋቸው። ስድስት ዓመት ያልወጣኝ ነገር በድንገት ወጣኝ፤ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩና እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። በግራ እጃቸው ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉ። «እኔ እዚያው ነበርኩ። ለማያውቁት ንገር።»

«እትዬ ብርሃኔ አታውቅም?»

«ከኔ አልሰማችም።»

ስድስት ዓመት፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ፣ ያንን እጅ በየቀኑ እያጠበችላቸው፣ አልነገሯትም። እንድናገር እየጠበቁኝ ነበር። እኔ ዝምታቸውን ይቅርታ ነው ብዬ ተኝቼበታለሁ።

ሰብለ ትናንት ከእኔ ሰማች። ስጨርስ ተነስታ ወደዚያ ወደምትገባበት ክፍል ገባች። ዛሬ ከሰዓት እትዬ ብርሃኔ ከሥራ ስትመለስ እቤቷ እሄዳለሁ። በሩን ከፍታ ግባ ልጄ ትለኛለች፤ ገና ሳልቀመጥ መናገር አለብኝ፤ ከተቀመጥኩ አልችልም። ክንፍ አልወደቀባቸውም፣ አንጓቸውን ይዤ እጃቸውን ሦስት ጊዜ መታሁት፣ በቃ ብለውኝ ነበር እላታለሁ።

ይቅር በይኝ ግን አልላትም። እሷን አውቃታለሁ፤ ብለምናት ገና አፌን ሳልዘጋ ይቅር ትለኛለች፣ እኔም ቀሎኝ እወጣለሁ፣ እሷ ግን ማታ ሥራ ትገባለች። አንተም ይቅር አትበለኝ። ነግሬያት እዚያው እቆማለሁ። የፈለገችውን ያህል ትጮህብኝ፣ የፈለገችውን ታድርገኝ፤ በቃ የምትለው እሷ ናት።