ወባ ያልሆነው ላብ

ከደሴ ወደ ቆቦ የተነሳሁት ለአክስቴ ልጅ ኒካህ ነው። የራሴም ጉዳይ ነበረኝ። የጡት ካንሰር ታክሜ፣ እንዳይመለስ በየቀኑ ኪኒን እውጣለሁ። ሕክምናው ግን ያለ ዕድሜዬ የማረጥን ጣጣ አመጣብኝ፤ ድንገት ከደረቴ እሳት ይነሳል፣ በላብ እርሳለሁ፣ ከዚያ እንቀጠቀጣለሁ። መሮኝ ነበር። ኪኒኑን ልተወው ወይስ ልቀጥል የሚለውን መንገድ ላይ ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ስከፍት ከኋላዬ የተቀመጡት ሽማግሌ «ልጄ፣ ብርድ ይመታናል» ብለው ዘጉት። ከፈትኩ፤ ዘጉ። እስከ ወልድያ በዚሁ ቀጠልን። ሮቢት ስንደርስ የቆላው ወበቅ ገባና ሰውየው ራሳቸው መስኮቱን እስከ ጥጉ ከፈቱት። ሁሉም አልቦታል። በሰው ላብ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም!

ቆቦ

አክስቴ ዘሀራ የማሽላ እንጀራ በወተት አቀረቡልኝ። ገና ስጎርስ ላቡ መጣ፣ መንቀጥቀጡም ተከተለ።

«ወይኔ ልጄን! ወባ ነው!»

«አይደለም አክስቴ፣ ከሕክምናው ነው።»

«አንቺ የደጋ ሰው፣ ወባን ለቆቦ ሰው ልታስተምሪ ነው?»

የሠርጉን ድንኳን ጥለው በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ተመረመርኩ፤ ወባ የለም። ነርሷ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፣ ኪኒኑን ልተው ማሰቤንም ጭምር።

«ለሐኪምሽ ነግረሻቸዋል?»

«እንዴት ነሽ ሲሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ እላለሁ።»

«ታዲያ በምን ይወቁት?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ኪኒኑን በራሴ ባቆም ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። የማረጥ ሆርሞን መድኃኒት ለእኔ ዓይነቱ ካንሰር አይሆንም፤ ሙቀቱን የሚቀንሱ ሌሎች መድኃኒቶች ግን አሉ፣ ሐኪሜ መርጠው ያዝዙልኛል። እስከዚያው ስስ የጥጥ ልብስ ልልበስ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከአጠገቤ አይጥፋ፣ የሚያቃጥል ወጥም ልቀንስ። አክስቴ ሊቀምሙልኝ ያሰቡትን ሥራሥር ስትሰማ «እሱስ ይቅር» አለች።

ስንወጣ አክስቴ እጄን ያዙኝ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ስትቃጠዪ ነበር? አብሽሪ ልጄ፣ ከእንግዲህ ንገሪን።» አለቀስኩ።

በሠርጉ ቀን አክስቴ ከቬንትሌተሩ ፊት አስቀመጡኝ። አንድ ዘመድ ወደ ራሱ ሊያዞረው ሲል «እጅህን!» ብለው ጮኹበት፤ ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ።

ደሴ

ኪኒኔን ሳላቋርጥ ተመለስኩና ሐኪሜ ዘንድ ቀረብኩ።

«እንዴት ነሽ?» አሉኝ እንደ ወትሮው፣ እየጻፉ።

የለመድኩት መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ደህና አይደለሁም» አልኩ።

እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።