ቆርቆሮው የሚነክሰው ሚስቴን ብቻ ነበር

የሚስቴ ወንድም ቤቴን ጋኔን አለበት ብሎ ሚስቴን ወሰደብኝ። ጋኔኑን ያስገባው ራሱ ነው። በደሉ ይኸው ነው።

ደባርቅ፣ ወደ ሊማሊሞ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ባለሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አለችኝ፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ በሯም ቆርቆሮ። እኔ በቅሎ ነጂ ነኝ። በበጋ የፈረንጅ ጓዝ ጭኜ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ ድረስ እወጣለሁ፤ በክረምት ገብስ ጭኜ ዳባት ገበያ እወርዳለሁ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። የቆጠርኩት ከዚህ ነገር በኋላ፣ ጠጉሬ ገብስማ ከሆነ ወዲያ ነው። አማቼ፣ የሚስቴ ወንድም፣ ግን አሥረኛ ክፍል ደርሷል። ይህን ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም።

መብራት ወደ ሰፈራችን ሲገባ ባለሙያ ልጠራ ስል፣ “ጋሼ፣ እኔ እያለሁ?” አለኝ። በአፉ ጋሼ ይለኛል፤ አንቱ ግን ብሎኝ አያውቅም። ሽቦውን ከቆጣሪው አንስቶ በጣሪያው ጠርዝ ሥር አሳልፎ ወደ ውስጥ አስገባው። ሽቦው አላዳረሰለትም፤ ሁለት ቦታ ቀጠለው። ቅጥሉን በፌስታል ቁራጭ ጠቀለለው።

“ፌስታል ነው እንዴ የሚጠቀለልበት?” አልኩት።

“ፊደል ሳትቆጥር መሐንዲስ ሆንክ?” ብሎ ሳቀብኝ።

ብዙም ሳይቆይ አምፖሉ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይርገበገብ ጀመር። ማብሪያውን ሲነኩት ይሞቃል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል፤ እኔ ሚስቴ ምን ደብቃ አቃጠለች እያልኩ ምድጃውን እበረብራለሁ። ፊውዙም እየደጋገመ ይበጠሳል። አማቼን ጠራሁት። በፊውዙ ፈንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ሰካበትና “ከእንግዲህ አይጠፋብህም” አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልጠፋም። ፊውዝ የሚበጠሰው ቤቱ እንዳይቃጠል መሆኑን ማን ይንገረኝ?

ክረምቱ ገባ። የልብስ ማስጫ ሽቦዬ አንዱ ጫፉ ከጣሪያው ምስማር፣ ሌላው ጫፉ ከባሕር ዛፉ ጋር የታሰረ ነው። አንድ ቀን ሚስቴ ያጠበችውን ልታሰጣ ሄዳ፣ ልብሱን ጭቃ ላይ ጥላው መጣች።

“ሽቦው ነከሰኝ።”

“ሽቦ ይነክሳል?”

“እስከ ብብቴ ነዘረኝ እኮ! በሩም እንደዚያው ነው።”

ሄጄ ያዝኩት። እግሬ ላይ ቦቲ አለ፤ የበቅሎ ነጂ እግር በክረምት ከላስቲክ ጫማ አይወጣም። ምንም የለም። በሩንም ያዝኩት፤ ምንም። እሷ ባዶ እግሯን እርጥብ መሬት ላይ ቆማ ታየኛለች።

“አንተንማ ያውቅሃል” አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጎን ለጎን እየተኛን እርስ በርስ እንጠባበቅ ነበር። እሷ እኔ አንድ የጠንቋይ ነገር ቤት ውስጥ ያስቀመጥኩ መሰላት። እኔ ደግሞ ትታኝ ልትሄድ ሰበብ የምትፈልግ መሰለኝ። ከዳባት የምመለስበትን ቀን መናገር ተውኩ። በጓሮ በኩል ነው የምገባው። አንድ ቀን ስመጣ ዝናብ እየወረደባት፣ ነጠላዋን ተከናንባ ደጅ ቆማለች።

“ማንን ትጠብቂያለሽ?”

“በሩን የሚከፍትልኝ።”

ያሾፈችብኝ መሰለኝ። ማዶ ያለውን ልብስ ሰፊ ጎረቤቴን በክፉ ዓይን አየሁት። ለሰላምታው መልስ የነፈግኩት ያኔ ነው።

ጳጉሜን ላይ፣ እኔ ቤት ሳለሁ፣ በሩን ልትዘጋ ስትል ነዝሮ ወረወራት። ከግድግዳው ጋር ተላተመች። ወንድሟ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ፤ ደጄ ላይ ቆሞ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ጮኸ። “ይህ ሰው ደህና አይደለም! ጋኔኑ እሱን ጌታዬ እያለ እህቴን ሊበላት ነው!” ጓዟን ይዞ ሲወጣ በሩን በባዶ እጁ አልነካውም። የአንገቱን ሻሽ እጁ ላይ ጠቅልሎ ነው የገፋው። ማንም ልብ አላለም። እኔ አየሁ።

እሷን ጸበል አስገቧት። እኔን ሰፈሩ ሸሸኝ። ውኃ ቀጂዋ እንኳን በደጄ ስታልፍ ታማትባለች። ቤቱን ቢያፈርሱብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቤት ይሠራል። ሚስቴ ግን ይህን አምና ከሄደች ማን ይመልሳታል?

የንስሐ አባቴን ለመንኳቸው። “አባ፣ ቤቴን ይርጩልኝ፤ ሰው ይይልኝ” አልኳቸው። በመስከረም፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ መጡ። ሊጸልዩ ጫማቸውን አወለቁ። ውስጡን ረጩ፤ ደጁን ረጩ፤ የልብስ ማስጫውን ሽቦም ረጩ። ጎንበስ ብለው ሊያልፉ ሲሉ ሽቦውን በእርጥብ እጃቸው ቀና አደረጉት።

“በስመ አብ!” ብለው ዘለሉ። ጸበሉ ተደፋ። አለቀልኝ አልኩ። እንግዲህ ቄስ መስክሮብኝ ከአገር መውጣቴ ነው አልኩ።

እሳቸው ግን እጃቸውን እያሹ ሽቦውን በዓይናቸው እስከ ጣሪያው ተከተሉት። “ልጄ፣ ይህን አውቀዋለሁ” አሉኝ። “የቤተ ክርስቲያናችን ማይክራፎን በዝናብ ጊዜ ከንፈሬን የሚነክሰኝ እንዲህ አድርጎ ነው። ጋኔን አይደለም፤ መብራት ነው። ጸበል ከዚህ በላይ እንዳታስረጭ፤ ይብስበታል። ባለሙያ ጥራ።”

ደባርቅ ያለው ባለሙያ ሁሉ የአማቼ ጓደኛ መሰለኝ። ስለዚህ ከዳባት አንድ ኤሌክትሪሺያን አመጣሁ፤ ወሬኛ ጎረምሳ ነው። በቴስተሩ ጫፍ የማስጫውን ሽቦ ነካ፤ ቴስተሩ በራ። በሩን ነካ፤ በራ። ከቆጣሪው አጥፍቶ ጣሪያ ላይ ወጣ። የቆርቆሮው ጠርዝ ሽቦውን ልጦታል፤ መዳቡ ቆርቆሮው ላይ ተኝቷል፤ የበሩም አናት ጣሪያውን ይነካል።

“ፋዘር፣ ይሄን የሠራው ሰው ይወድዎታል?”

“አማቼ ነው።”

“አሃ” አለና ሌላ አልጠየቀኝም።

ሲወርድ እንዲህ አለኝ፦ “አምፖል ከቆጣሪ አጥፍተው መቀየር የእርስዎ ነው። ማብሪያ ሲሞቅ፣ ፕላስቲክ ሲሸት፣ ፊውዝ ሲደጋግም፣ ቆርቆሮ ሲነዝር ግን አይነካኩ። ጫማ ስላደረጉ ደህና ነው ብለው አይመኑ። አጥፍተው ይጥሩኝ።” ሽቦውን በሙሉ አውርዶ በአዲስ፣ ከቆርቆሮው አርቆ፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ዘረጋው፤ የመዳቡንም ሽቦ ነቅሎ ፊውዙን መለሰ። ልብስ ሰፊው ቆሞ ሁሉንም አየ። እንደገና ሰላም አለኝ፤ መለስኩለት።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔ፣ አማቼ፣ ሚስቴ፣ ሦስት ሽማግሌዎች።

“ስሕተት ነው፤ ሰው አይሳሳትም?” አለ አማቼ።

“ስሕተት ከሆነ በሬን ለምን በሻሽ ገፋኸው?”

ሚስቴ ወደ ወንድሟ ዞረች። “ለእኔ በሻሽ ያዢው ያለኝ የለም” አለችው። እኔ ደስ ሊለኝ ሲል ወደ እኔ ዞረች። “አንተስ? አንድ ቀን ቦቲህን አውልቀሃል?”

ሽማግሌዎቹ ታረቁ አሉን። እሷ ግን በቃል አልታረቅም አለች። ሁላችንንም ወደ ቤቱ አመጣችን፤ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ባልዲ ውኃ ቀድታ ከማስጫው ሽቦ ሥር ደፋችው። “ሁለታችሁም ጫማችሁን አውልቁና ያዙት” አለች። “መብራቱ እንደበራ።”

አውልቄ ጭቃው ውስጥ ቆምኩ። የዳባቱ ጎረምሳ ያታለለኝ እንደሆነስ ብዬ ነበር፤ ቢሆንም ያዝኩት። ብርድ ብቻ ነው። አማቼ የአንዱን ጫማ ክር ፈታ፤ ሁለተኛው ላይ እጁ ቆመ። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። “ና እንጂ፣ አሥረኛ ክፍል!” አለው ልብስ ሰፊው። ሰፈሩ ሳቀ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ያዘው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ አስገደዱትና “ጋኔን የለበትም፤ ሽቦው የእኔ ሥራ ነው” አለ፤ በዝቅተኛ ድምፅ። ከፍ አድርግ አልኩት። ከፍ አደረገ።

ያውቅ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ እጠረጥረዋለሁ። እሱም እስከ ዛሬ አያውቅም እንደነበር ይምላል። ሚስቴ የሁለታችንንም አላመነችም፤ ጓዟን ተሸክማ በሩን በባዶ እጇ ከፍታ ገባች። ኅዳር 12 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በሚካኤል ዕለት።