የመሬቷ

እትዬ ስቶይና ዕድሜያቸውን ሙሉ እባብን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። "ረጅሟ" ይሏታል፤ ሲጨንቃቸው ደግሞ "ስሟን ቄስ ይጥራት" ብለው ያማትባሉ። በእኛ ተራራ ስሟን የጠራ ራሷን ይጠራታል። የተነደፈ ሰው አጠገብ ከጠሯትማ መርዙ ወደ ልብ ይወጣል።

ደግሞ እኮ፣ ይህ የምንሸሸው፣ በቋንቋችን እባብ "ዝሚያ" የምትባልበት ስም ራሱ የፍርሃት ልጅ ነው። "ዘምያ"፣ ማለትም "ምድር"፣ ከሚለው ቃላችን የወጣ ነው፤ "የመሬቷ" እንደ ማለት። የጥንቶቹ እውነተኛ ስሟን ፈርተው የመሬቷ አሏት። ያ ስም ተረሳ፣ ቅጽሉ ስም ሆነ፣ እኛ ደግሞ ቅጽሉን ፈራን። ይህን ያወቅሁ ቀን ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

አምና በመስከረም ግን አልሳቅሁም። በእትዬ ስቶይና ግቢ ለአረቄ የሚሆን ፕሪም ከዛፉ ሥር ስንለቅም፣ ከከተማ የመጣችው ምራታቸው ዱንያ ቅርጫቷን ልታነሳ አጎንብሳ ጮኸች።

"ዝሚ—"

እትዬ ስቶይና አፏን በመዳፋቸው ከደኑት። "ዝም በይ፣ ልጄ። አይቻታለሁ።"

ደግፈን በረንዳው ላይ አስተኛናት። ቁርጭምጭሚቷ እያየነው ያብጣል። እኔ እግሯን ያዝኩ፣ እሳቸው ለአምቡላንስ ደወሉ። የስልከኛዋ ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል።

"ምን ነደፋት፣ እማማ?"

"ያቺ።"

"ንብ ናት?"

"ለንብማ አንቺን ምን ብዬ አስቸግራለሁ? ረጅሟ ናት።"

"እማማ፣ መድኃኒቱ እንደ ነደፋት ነገር ነው። ካልነገሩኝ መኪናው ባዶውን ነው የሚመጣው።"

"ስሟን ቄስ ይጥራት እንጂ እኔስ አልጠራትም።"

"እዚህ ቄስ የለንም።"

የዱንያ ከንፈር ነጣ። "እማዬ፣ ንገሪያት እንጂ" አለች። እኔም ያው የዚያው መንደር ሰው ነኝና ስልኩን ልቀበል አልደፈርኩም።

እትዬ ስቶይና ስልኩን እንደያዙ ከበረንዳው ወረዱ።

"ወዴት ነው?" አልኳቸው።

"እዚህ ልጠራት ነው እንዴ? ከጠራኋት ወደ እኔ ትምጣ። አንቺ ልጅቷን ያዢ።"

የግቢው መጨረሻ፣ ረጅሙ ሳር ውስጥ ገብተው ቆሙ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበር፤ ቃሉ ግን ጥርት ብሎ ተሰማን።

"ዝሚያ ናት። ዝሚያ ነደፈቻት።"

መኪናው ሲደርስ መርፌውን ይዞ ነበር። ሐኪሙ ወግቷት ትንፋሿን አዳመጠና "ትድናለች" አለኝ። ዱንያን ሲያስገቧት ተጣራሁ።

"እትዬ ስቶይና፣ ይምጡ እንጂ፣ ቦታ አለ።"

ዓይናቸውን ከእግራቸው ሥር አላነሱም።

"ሂዱ እናንተ። እኔ ከተነሳሁ ተከትላኝ ትመጣለች።"

መኪናው ቁልቁል ሲወርድ በመስኮት አየኋቸው፤ ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው፣ ሳሩን እያዩ ይጠብቋታል።